ስልኩን ያልተቀበልኩበት ክረምት

ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ፤ ፍኖተ ሰላም

ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ከትምህርት ዕቅድ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን የሚሰማኝ ተማሪ የለኝም፤ ባለቤቴ አቻምየለሽም ከሰኞ ጀምሮ «ምሳ ቀርቧል» ከማለት በቀር አላናገረችኝም። እንግዲህ ለዚህ ደብተር ልንገረው።

ጥፋቴ ፎቶ ማውረዴ ነው። ሰኞ የእድሩ ኮሚቴ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ሳሎን ግድግዳው ላይ ባለቤቴ የሰቀለችው የሁለቱ ልጆቻችን ፎቶ አለ፤ ናሁሰናይና መታሰቢያ ማላዊ ሐይቅ ዳር እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ዙሪያቸውን የማላውቃቸው ሕፃናት ከበዋቸው። እንግዳ ባየው ቁጥር «የት ናቸው? ምን ይሠራሉ?» ይላል። ምን ልበል? «ሃይማኖታቸውን ለውጠው ወንጌል ሊሰብኩ ባሕር ማዶ ሄዱ» ልበል? ኮሚቴው ያውቀዋል፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ቢሆንም ከገዛ ግድግዳዬ ላይ እንዲያነቡት አልፈልግም።

በነገራችን ላይ ሰው ሁሉ «ባሕር ማዶ» ይላል እንጂ ከዚህ ማላዊ ድረስ በመሬት ነው። ኬንያንና ታንዛኒያን ማቋረጥ ብቻ ነው። ይህን የሚያርም ሰው የለም።

ፎቶውን አትላሱ ውስጥ አስገባሁት፤ ደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ያለበት ገጽ ላይ። እንዳይጨማደድ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሰኔ 16፣ እሑድ፤ ጰራቅሊጦስ

ከቅዳሴ ስመለስ አምለሰትን ከሩቅ አየኋት፤ በርበሬ የምትሸጠዋን። እሷም አየችኝ። ወደ ፋርማሲው በኩል ተሻገርኩ። ፋርማሲ የሚያስገባኝ ጉዳይ አልነበረኝም፤ የግድግዳውን ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ባለፈው ዓመት ልጇ መልካሙ ከሞተ ወዲህ እሷን ሰላም ማለት ይከብደኛል። ተማሪዬ ነበር፤ በኋላ ባጃጅ ይነዳ ነበር።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ዛሬ አቻምየለሽ አናገረችኝ። ጓሮ በቆሎውን እየኮተኮትን ሳለ ቀና ሳትል «ዓመት ሊሞላቸው ነው» አለች።

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ታውቃለህ? እኔስ የረሳኻቸው መስሎኝ ነበር።»

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ነው የሄዱት። ናሁሰናይ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የውኃ መሐንዲስ ነው። ሃይማኖቱን የለወጠው ዩኒቨርሲቲ ሳለ ነው። መታሰቢያ በሦስት ዓመት ታንሰዋለች፤ ነርስ ሆና ቡሬ ስትሠራ እሷም ተከተለችው። ሁልጊዜም እሱ በሄደበት ነው የምትሄደው። አዲስ አበባ ያለው ቤተ ክርስቲያናቸው ለሁለት ዓመት ላካቸው፤ እሱ ፓምፕ ሊጠግንና ለልጆች ሒሳብ ሊያስተምር፣ እሷ ክሊኒክ ልትሠራ፣ ሁለቱም ሊሰብኩ። እዚህ እኮ የፈረሰ ፓምፕ ሞልቷል። ይህን ነግሬዋለሁ። «ልክ ነዎት አባየ» አለኝና ሄደ።

የሄዱ ዕለት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። መታሰቢያ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። ናሁሰናይ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። እግሬን ሰበሰብኩ። እዚያው እንደተጎነበሰ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ነው ያናደደኝ። ቢቆጣ ወይም ቢያለቅስ ኖሮ ምናልባት… እንጃ።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ

ገበያ ላይ ከኋላዬ የሰማሁት፤ «የመምህር ካሴ ልጆችስ?» «ኧረ ተዋቸው፤ አባትየው እንኳ አያነሳቸውም።» ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ማዳበሪያ ገና አልመጣም። ጉልበቴን ያመኛል።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ ተደወለ። መታሰቢያ ነበረች። ናሁሰናይን ሦስት ቀን እያተኮሰው ነው፤ ወባ ነው፤ መድኃኒት ጀምሯል። ከዚያ እሱ ራሱ ስልኩን ተቀብሎ ከእናቱ ጋር ተነጋገረ። አቻምየለሽ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር አይሰማም ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ወባ ለእኛ አገር ሰው ምን አዲስ ነው? እኔን ራሴን አራት ጊዜ ይዞኛል። ደግሞም ማላዊ አሁን በጋ ነው፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ወቅት ነው፤ ትንኙ የሚበዛው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነው። ይህን ለአቻምየለሽ በአትላሱ አሳየኋት። ካርታውን አላየችም፤ ፎቶውን ነው ያየችው። አንስታ ይዛው ሄደች።

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ኢንተርኔት ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ስልኩም ጠፋ። መንገድም የለም፤ ከደምበጫ ወዲህ መኪና አያልፍም ይላሉ።

ሰኔ 30፣ እሑድ

ኔትወርክ የለም። አቻምየለሽ በየሰዓቱ ትሞክራለች። ስልኩን ይዛ ከፍ ወዳለ ቦታ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ትወጣለች። «የኔትወርኩ ምሰሶ ከጠፋ ኮረብታ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። ዛሬ ሁለት ጊዜ ወጥታለች። ሁለተኛውን እኔም አብሬያት ወጣሁ፤ መንገዱ አዳልጦ ነበር።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

የለም።

ሐምሌ 3

የለም። የወባ ክኒን ሦስት ቀን ነው የሚወሰደው። እስከ አሁን መዳን አለበት። ሰውነቱ ጠንካራ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ኩፍኝ ይዞት በሳምንቱ ኳስ ሲጫወት ነበር።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

የሐዋርያት ጾም ተፈታ። የንስሐ አባታችን መምሬ ሃይለ ሚካኤል አስተማሩ። ወጣት ናቸው፤ ነገር ግን ቃል ያውቃሉ። ያዕቆብና ዮሐንስ መረባቸውን ጥለው ጌታን ስለመከተላቸው ተናገሩ፤ «አባታቸውን ዘብዴዎስን በታንኳ ላይ ትተው» አሉ። ምእመናኑ በሐዋርያቱ ተደነቁ። እኔ ግን ዘብዴዎስ ላይ ቀረሁ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ስለ ሰውየው አስቤ አላውቅም። ወንጌሉ ምን እንዳለ አይነግረንም። ተቆጣ? ልጆቹን ጠራ? ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ምን ብሎ ነገራት?

ስወጣ መምሬ እጄን ይዘው «ልጆቹ ደህና ናቸው?» አሉኝ። በሕዝብ ፊት ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ወንድየውን ትንሽ አሞታል» አልኩ። «በጸሎት አስባቸዋለሁ» አሉ። አስባቸዋለሁ አሉ፤ ሁለቱንም። ምስጋናዬን ሳልጨርስ ሌላ ሰው ጠራቸው።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

እግዚአብሔር ይመስገን! ስልክ መጣ። አቻምየለሽ ረፋድ ላይ አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ ለሰይፈ ደወለች። የልጆቹ መልእክት ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚደርሰን። «ተሽሎታል፤ ደህና ነው፤ አታስቢ» አላት። ለምን ራሳቸው እንዳልደወሉ ስትጠይቀው «እዚያም ኔትወርክ ያስቸግራል» አለ። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር ትላለች።

አለቀሰች፤ በደስታ። ለጎረቤት ሁሉ ነገረች። ፎቶውን መልሳ ሰቀለችው፤ ዝም አልኳት።

ለራሴ የወሰንኩት፤ በሚቀጥለው ሲደወል ስልኩን እቀበላለሁ። ስለ ሃይማኖት አላነሳበትም። ስለ ሐይቁ ነው የምጠይቀው። ጥልቀቱ ከሰባት መቶ ሜትር ይበልጣል፤ ልጆቹ ዳሩ ላይ ሲዋኙ ይህን ያውቃሉ ወይ? እንዲህ ብዬ ብጀምር ቀሪው ይመጣል። እሱ ወሬ አያልቅበትም።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ሰዉ ምን ሆኗል? ሱቅ ስገባ ወሬ ያቆማሉ። ባለሱቁ «መምህር፣ ይቀመጡ እንጂ» አለኝ፤ አስቀምጦኝ አያውቅም። ክንፈሚካኤልን መንገድ ላይ አገኘሁት። የእድሩ ሊቀ መንበር ነው፤ እህል ነጋዴ፤ የድሮ ተማሪዬ። ሰላም ካለኝ በኋላ የሆነ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተና «በቆሎዎ እንዴት ነው?» አለ። በቆሎዬ ደህና ነው አልኩት።

ገባኝ፤ ፎቶው ነው። አቻምየለሽ ለመንደሩ ሁሉ ስለ ልጆቹ ስታወራ ሰነበተች፤ አሁን መነጋገሪያ ሆነናል። እንደምንም አወርደዋለሁ።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ጎረቤቶቻችን ለአቻምየለሽ ያልጠየቀችውን እንጨት ፈልጠው አመጡላት። አንዷ ደግሞ እቃዋን አጠበችላት። «ምነው፣ አሟታል ብለዋቸው ነው?» ብላ ስትስቅ ነበር። መታሰቢያ እስከ አሁን አልደወለችም። ደግሞ ለመደወል ምን አስቸገራት?

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ናሁሰናይ ሞቷል።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ክንፈሚካኤል፣ መምሬ ሃይለ ሚካኤልና አራት ጎረቤቶች ነበሩ። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ማንም ያውቃል፤ እኔ ራሴ ስንቱን ቤት እንዲህ አንኳኩቻለሁ። ቢሆንም «ምን ልርዳችሁ?» አልኩ።

አቻምየለሽ ከኋላዬ መጣች። መምሬን አየች፤ ሴቶቹን አየች። አልጮኸችም። «ማንኛው ነው?» አለች።

መምሬ «ናሁሰናይ» አሉ።

ሴቶቹ ያዟት። እኔን የያዘኝን ሰው አላውቀውም። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነው አሉ። የሞተው ቅዳሜ ሐምሌ 6 ነው። በማግሥቱ እዚያው ቀብረውታል። ሰይፈ እሑድ ሰምቶ መንገድ ስለሌለ መምጣት አልቻለም፤ ሰኞ ስልክ እንደመጣ ለክንፈሚካኤል ነገረው፤ መታሰቢያንም እንዳትደውል ለመናት። አቻምየለሽ ረፋድ ላይ ስትደውልለት «ተሽሎታል» ያላት እያለቀሰ ነው። እኛ ስናመሰግን ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ለምን ቆዩ? ይህን ክንፈሚካኤል ራሱ ነገረኝ። ወደ አጥሩ ወስዶኝ «መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «አራት ቀን ስንከራከር ነው የቆየነው። እንዴት አድርገን እናርዳቸው፣ በእድሩ ነው ወይስ እንደ ጎረቤት እያልን። የድንኳኑም ነገር… ቃለ ጉባኤው አለ። የእጅዎ ጽሑፍ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ የተናገርኩት አይታወሰኝም።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ

ቃለ ጉባኤው ይህ ነው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ከቤተ ክርስቲያን ለወጡ አባላት፣ የአባላት ልጆችም ቢሆኑ፣ የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ጥሩምባ አይሰጥም።» ባለፈው ዓመት ጥር የአምለሰት ልጅ መልካሙ በሞተ ዕለት ጠዋት ነው የጻፍኩት። መልካሙ ባጃጁ ገደል ገብታ ነው የሞተው፤ እሱም ከጴንጤዎቹ ጋር ነበር። አስከሬኑ ቤት እያለ እኛ ተሰብስበን ቃላት እንመርጥ ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱም ልጆቼ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተዋል፤ ኮሚቴው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። ልቤ የት እንደሆነ እንዲያውቁ ፈልጌ ነበር።

ትናንት ዝናቡ ሳያባራ ዋለ። ድንኳን የለም። በረንዳው የሚይዘው አሥር ሰው ነው። ጥሩምባ ስላልተነፋ የመጣውም ሰው ጥቂት ነው፤ የመጡትም ቶሎ ቶሎ ይነሳሉ። መምሬ ሃይለ ሚካኤል ግን መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። «ፍትሐት ላድርስለት አልችልም፤ ይህን ያውቁታል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከእርስዎ ጋር መቀመጥ ግን የሚከለክለኝ ሥርዓት የለም።» እስኪመሽ ተቀመጡ።

ከቀትር በኋላ አምለሰት በበሩ ገባች። ሦስት የመልካሙ ጓደኞች፣ ባለባጃጆች፣ ትልቅ ሸራ ተሸክመው ተከትለዋታል። በርበሬዋን የምታሰጣበት ሸራ ነው። ማንንም ሳትጠይቅ «እዚያ ማንጎው ላይ እሰሩት፤ በዚህ በኩል ቆርቆሮው ላይ» ትላቸዋለች። ወጠሩት። ከመንገድ የሚያልፈው ሰው ሸራውን እያየ መግባት ጀመረ። የበርበሬው ሽታ አልለቀቀውም ነበርና ሁሉም ያስነጥሳል፤ ማን በሐዘን፣ ማን በበርበሬ እንደሚያለቅስ መለየት አልተቻለም።

ሸራው ሥር ስትቀመጥ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«አምለሰት፣ እንዴት መጣሽ?»

«ምን ማለትዎ ነው? ለልቅሶ ነዋ።»

«ያን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «መልካሙ የእርስዎን እጅ ጽሑፍ ይወደው ነበር። ደብተሩ ላይ እየገለበጠ ይለማመድ ነበር፤ አሁንም አለኝ።» ከዚያ «ሰው ሳይመጣ የሚዋልበትን ቀን አውቀዋለሁ፣ መምህር። ለማንም አልመኘውም። በሉ ይቀመጡ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ሰኔ 25 ቀን ዝናብ አልነበረም።

ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። «ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው» ብያለሁ። ለራሴ ደብተር፣ ማንም ለማያነበው፣ ዋሸሁ። ፀሐይ ነበር። አቻምየለሽ ስልኩን ስትዘረጋልኝ ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ «እማየ፣ አባየ አሉ?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው የወጣሁት።

ዛሬ ጠዋት ለአቻምየለሽ ይህን ልነግራት ሞከርኩ። «እኔ እኮ አብሬህ ነበርኩ» አለችኝ። ከዚያም «ሰላም ይልሃል አልኩት» አለች።

«ምን?»

«ለናሁ። በረንዳው ላይ ሆኖ ሰላም ይልሃል፤ እግዚአብሔር ይማርህ ይላል፤ አፍሮ ነው እንጂ አጠገቤ ነው አልኩት። ደስ አለው። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።»

ላመሰግናት ይገባኝ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ። ልጄ የተጽናናው እኔ ባልተናገርኩት ቃል ነው። ቃሉን ብናገረው ምን ይጎዳኝ ነበር? ስንት ሰከንድ ይፈጅብኝ ነበር?

ሐምሌ 19፣ ዓርብ፤ ገብርኤል

አልበላሁም። እሷም። በቆሎው አረም ወርሶታል።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። አቻምየለሽ አትሂድ ብላኝ ነበር፤ ሄድኩ።

መዝገቡን ከፍቼ ያን ቃለ ጉባኤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። «ይህ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ» አልኩ። «ለእኔ ቤት አይደለም፤ የእኔ ቤት ልቅሶ ዝናብ ላይ አልፏል። ‘ልጆችም ቢሆኑ’ የሚለውን ማንም አልጠየቀኝም፤ ከራሴ ጨምሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሱ፤ ከእኔም በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። «መምህር፣ የአምለሰት ልጅ ሲሞት አልታየዎትም። የራስዎ ሲሞት ነው የታየዎት?»

«አዎ» አልኩ። «የራሴ ሲሞት ነው።»

ክንፈሚካኤል እጅ አስወጣ። እንዲሰረዝ አሥራ ዘጠኝ፤ እንዲቆይ አርባ ሁለት። ክንፈሚካኤል ራሱ ከአሥራ ዘጠኙ ጋር ነበር፤ ይህን አልጠበቅሁም። ጸሐፊ እንደመሆኔ ውሳኔውን መጻፍ ነበረብኝ። ጻፍኩት፤ በደንብ፣ በሚነበብ ጽሑፍ። ከዚያ መዝገቡንና ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ይጻፍ።

ሐምሌ 26፣ ዓርብ

መታሰቢያ ደወለች፤ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔ ውጭ፣ አምለሰት ቤት ነበርኩ፤ የመልካሙን ደብተር ልታሳየኝ ጠርታኝ። ስመለስ ጥሪው አልቋል። ከእናቷ ጋር ከልቅሶ በቀር የተነጋገሩት የለም። ግን የመንደራቸው ሹም፣ አንድ ሽማግሌ፣ አባትየውን ማነጋገር ይፈልጋል ብላለች። ቅዳሜ ሳምንት ይደውላሉ።

ምን ሊሉኝ ነው? ስምንት ቀን አለ።

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ

ፍልሰታ ገባ። ልጆቹ ትንሽ ሳሉ ለፍልሰታ ቁርባን ሁለቱን በሁለት እጄ ይዣቸው እሄድ ነበር። ናሁሰናይ ሰልፉ ውስጥ ይተኛ ነበር፤ ቆሞ።

ስልኩን ቻርጅ እያደረግኩ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ አየዋለሁ።

ነሐሴ 4፣ ቅዳሜ

በዘጠኝ ሰዓት ተደወለ። ቤት ውስጥ አቻምየለሽ፣ አምለሰት፣ ክንፈሚካኤልና ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። እኔ አነሳሁ። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አቻምየለሽ ከፈተችው።

«እማየ?» አለች መታሰቢያ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እስትንፋሷ ይሰማል። ከዚያ «አባየ፣ ደህና ነዎት?» አለች። ደህና ነኝ አልኳት። አይደለሁም፤ እሷም ታውቃለች። «ሽማግሌው አጠገቤ ናቸው። እኔ አስተረጉማለሁ» አለች።

የሽማግሌው ድምፅ ወፍራምና ዘገምተኛ ነው። ትንሽ ይናገራሉ፤ ይጠብቃሉ፤ እሷ ትነግረኛለች። እንዲህ አሉ። «ልጅዎን ለልጆቻችን ቁጥር ሲያስተምርና የጉድጓዳችንን ፓምፕ ሲጠግን ነው የምናውቀው። ሲሞት የሐይቁ ውኃ የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ከገዛ ልጄ መቃብር ጎን አሳርፈነዋል። ነገር ግን የሰው ልጅ ነው፤ አባት አለው፤ አባቱን ሳንጠይቅ ነው አፈር የመለስንበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቤ አላረፈም። ይፈቅዱልናል ወይስ ይወስዱታል? እህቱን ስጠይቃት ‘ይህን የሚመልሱት አባቴ ናቸው’ አለችኝ።»

ከዚህ ቤት ሲወጣ እግሬን የሰበሰብኩበትን ልጅ ሌላ ሰው ከልጁ ጎን አስተኝቶ ፈቃድ ይጠይቀኛል። ሁሉም እኔን ያያሉ።

«በያቸው…» አልኩ። «አባቱ ነኝ በያቸው።»

«አባየ፣ አልሰሙም፤ ይድገሙልኝ» አለች። ያልሰማችው እሷ ትሁን እሳቸው አላውቅም።

«አባቱ ነኝ!» አልኩ፤ ክፍል ውስጥ እንደማስተምር ጮክ ብዬ። «አባቱ እኔ ነኝ። ባላችሁበት ይረፍ። ፈቅጃለሁ። እኔ ያላደረግሁለትን አድርጋችሁለታል በያቸው።»

መታሰቢያ ወዲያው አልተረጎመችውም። ስታለቅስ ሰማን። ሽማግሌውም ጠበቋት። በኋላ በማላውቀው ቋንቋ ነገረቻቸው፤ እሳቸው ረጅም ነገር ተናገሩ፤ እሷ ግን አሳጥራ «እንግዲያው ዘመድ ነን ይላሉ» አለችኝ።

«አፈሩ ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ክንፈሚካኤል ቀና ብሎ አየኝ። መታሰቢያ ጠየቀቻቸው። ቀይ ነው አሉ፤ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲዘንብበት እግር የሚይዝ። እንግዲህ እንደዚህ ያለውን አፈር አውቀዋለሁ።

አቻምየለሽ ስልኩን ተቀብላ «በቃ ነይልኝ፣ ልጀ፤ አንቺንም አልቀብርም» አለቻት። መታሰቢያ እስከሚቀጥለው ሐምሌ እንደምትቆይ ነገረቻት። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ነርስ እሷ ብቻ ናት። እናቷ ለመነቻት፤ ተቆጣቻት፤ ከዚያ ስልኩን መልሳ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔ እንዳስመጣት። ላስመጣት ፈልጌ ነበር። ነይ ማለት እፈልግ ነበር። ግን ይህን ለማለት የሚያበቃኝ ምን አለኝ? ሥራሽን ጨርሺም አላልኳት።

«አጎበር ሥር ተኚ» አልኳት። «በየሳምንቱ ቅዳሜ ደውይ። የማነሳው እኔ ነኝ።»

መልሷን ሳልሰማ መስመሩ ተቋረጠ። መልሰን ብንሞክር አልሠራ አለ። የመጨረሻው ቃሌ ደርሷት ይሆን? አቻምየለሽ ሰምታሃለች ትላለች።